ከአልጋው እስከ በሩ

ባለቤቴ «እንዴት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ በሕይወቱ ሙሉ የሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው። ወባ ጥሎት ሲንቀጠቀጥም፣ እናቱን በቀበረ ማግስትም፣ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞበት ሁለት ቀን ጦሙን ውሎ ሲመጣም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ሲያመኝ ጎረቤት ሁሉ የሚሰማልኝ፣ ስናደድ ሳህን የማንኳኳ ሴት ነኝ። በዚህ ጉዳይ ስንቀላለድ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ይህቺው መልሱ አንድ ቀን እግሩን ልታሳጣው ትደርሳለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምንኖረው ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ፣ ከሰብል ገበያው ጀርባ ካለ ግቢ ውስጥ ነበር። አንዲት ክፍልና ከፊቷ የሣር ዳስ፣ የአገሩ ሰው ረኩባ የሚላት፣ ተከራይተን። እሱ በክረምት ወደ ባሱንዳ አቅጣጫ ወጥቶ በትራክተር የሰው መሬት ሲያርስና ሰሊጥ ሲዘራ ይከርማል። እኔ መኽዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለሁ። መኽዘን ማለት ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጆንያ የተደረደረበት የቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ ሴቶች ተደርድረን መሬት ላይ ተቀምጠን ጠጠሩንና ገለባውን ከሰሊጡ እንለያለን። ማታ ልብሴን ሳራግፍ ሰሊጥ ይረግፋል፤ ባለቤቴ «ደሞዝሽን ይዘሽ መጣሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ሥራ በሌለው ወራት ቤት ሲውል ምሳ ያለ እኔ አይበላም ነበር። ከመኽዘን የምወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጭነት ካለ አሥርም ይሆናል። እሱ ፉሉን ገዝቶ፣ ሽንኩርቱን ከትፎ፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሶበት፣ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድኖ ረኩባው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። «ምነው ሳትበላ?» እለዋለሁ። ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያያትና፣ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃም ብትሆን፣ «ገና ነው» ይላል። «ሰዓት አታውቅም እንዴ አንተ ሰው!» እያልሁ እቆጣው ነበር። ደስ እያለኝ ነው የምቆጣው።

እግሩ የተሰበረ ዓመት፣ የሚሠራላቸው የሰሊጥ ነጋዴዎች ለሠራተኞቻቸው በሙሉ ኢንሹራንስ ገብተውላቸው ነበር። ሠራተኛ የሚቀጥረው ወኪል ስማቸውን ጽፎ ካርድ አደላቸው። «ተእሚን ነው፤ ብትጎዱ ያሳክማችኋል» አላቸው። ባለቤቴ ካርዱን አምጥቶ ሰጠኝ፤ ሁለታችንም ስቀን ከጋብቻ ፎቶግራፋችን ኋላ ሻጥ አደረግሁት።

ሐምሌ ላይ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። የዚያን አገር ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲነካው እግር ይዞ አይለቅም። ባለቤቴ ከኋላ የሚጎተተውን የማረሻ ዲስክ ለማላቀቅ ወረደ፤ ዲስኩ ተንሸራቶ የግራ ቅልጥሙን ሰበረው። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው የሠራተኞች ሰፈር አራት ቀን ተኛ። አንድ የአገር ልጅ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት። በአምስተኛው ቀን በትራክተር ተጎታች ተጭኖ ገዳሪፍ ገባ። ሮጬ ደርሼ «እንዴት ነህ?» አልሁት። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ሆስፒታሉ ከጦርነቱ በሸሸ ሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። አጥንቱ ተጣሞ እየገጠመ ነው፤ ተከፍቶ በብረት መያያዝ አለበት፤ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ጠማማውን ይዞ ይደነድናል አለኝ። እዚህ ብረቱም የለም፣ ባለሙያውም ሄዷል፤ ጎንደር ውሰጂው አለኝ። የግራ እግር ደግሞ ለሾፌር ፍሪሲዮን የሚረግጥበት ነው። ባለቤቴ ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው ካርዱ ትዝ ያለኝ።

ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር መልእክት ላክሁ። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ መልስ መጣ፤ ያውም በአማርኛ። ቀጥሎ በድምፅ ተናገረችን። «የካሳ ጥያቄዎችን የማስተናግድ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የምሠራ ረዳት ነኝ» አለች። አማርኛዋ የሬዲዮ ዜና አንባቢ አማርኛ ነው፤ አንድም ፊደል አይወድቅባትም። ባለቤቴ ጆሮውን አቁሞ ሰማትና «የማን ልጅ ትሆን?» አለ።

«የማንም ልጅ አይደለችም። ማሽን ናት።»

«ይሁና። አስተዳደጓ ግን ጥሩ ነው።»

ከዚያ ጀምሮ «ልጅቱ» ብሎ ይጠራት ጀመር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጃት ነበር። በዚህ አገር ስንት ቢሮ በር ላይ ቆሜ «ቡክራ»፣ ነገ ነይ፣ ተብዬ ተመልሻለሁ። ልጅቱ አንድም ቀን ቡክራ አላለችኝም። የእግሩን ፎቶ ላኪ አለች፣ ላክሁ። የራጁን ፎቶ በፍጥነት ሳነሣ ተገልብጦ ነበር፤ በትሕትና «እባክዎ አዙረው ያንሡልኝ» አለች። የወኪሉን ምስክርነት በድምፅ ቀድቼ ሰደድሁላት። በሁለተኛው ቀን «ጥያቄዎ በመጀመሪያ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል። ስለ ሕክምናው ከመወሰናችን በፊት ታካሚውን ደውለን ጥቂት ጥያቄዎች እንጠይቃለን» ስትለኝ ረኩባው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ማንም አይቶኝ በማያውቅበት አገር ውስጥ አንድ ነገር ያየኝ መሰለኝ።

ማግስቱን መኽዘን ዋልሁ። ስመለስ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ አከራያችን ያመጣችለትን ሳህን እንደተከደነ ከጎኑ አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ልጅቱ ደውላ ነበር» አለኝ።

«ምን አለችህ?»

«እንዴት ነዎት አለችኝ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኋት። እግርዎስ አለች። ምንም አልል፣ እየተሻለኝ ነው አልኋት። ሕመሙስ አለች። ይቻላል፣ ተመስገን አልኋት። እኔም ቤተሰቧን ጠየቅኋት።»

«ቤተሰቧን?»

«እሷ ስትጠይቀኝ እኔ ዝም ልበል እንዴ?»

ሳቅሁ። ሞኟ እኔ ሳቅሁ። መልእክቱ የመጣው በልተን እጃችንን ስንታጠብ ነው። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁና ከሁለታችን የማነበው እኔ ነኝ። «ጤንነትዎ መሻሻሉን ስለገለጹልን ደስ ብሎናል። የቀዶ ሕክምና ጥያቄዎ አስፈላጊ ሆኖ ባለመገኘቱ ተዘግቷል» ይላል። አንዴ ለራሴ አነበብሁት። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ለሱ።

«ደህና ነኝ አልሃት!»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«ተሰብሬያለሁ፣ አሞኛል፣ መቆም አልችልም በላት!»

«ገና ሰላም ሳንባባል?»

«ማሽን ናት እኮ! ሰላምታ ምን ያደርግላታል?»

«እንደዚያ ከሆነ ለምን እንዴት ነህ ብላ ትጠይቀኛለች?»

ሳህኑን አነሣሁና አንኳኳሁት።

ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው አከራያችን ሱዳናዊት ናት፤ ነገሩን በዐረብኛ ነገርኋት። ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የኛዎቹም ያው ናቸው» አለችኝ። «አባቴ ጋሪ ሄዶበት መሬት ላይ ተኝቶ፣ ከይፍ፣ እንዴት ነህ፣ ቢሉት፣ ተማም፣ አልሐምዱሊላህ አለ።»

ተናድጄ እንጂ፣ ባለቤቴ ያጠፋው ነገር እንደሌለ ልቤ ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «እንዴት ነህ» ለፈጣሪ ነው የሚመለሰው። ሕመም የሚነገረው በኋላ ነው፤ ጠያቂው ከተቀመጠ፣ ውሃ ከቀረበለት፣ «እስቲ አሁን እውነቱን ንገረኝ» ካለ በኋላ። ልጅቱ አልተቀመጠችም። ሦስት ጥያቄ ጠይቃ፣ ሦስት ምስጋና ሰምታ፣ ደስ ብሏት ሄደች።

አቤት አልሁ። «ለማረጋገጥ እንደገና እንደውላለን» ተባልሁ። መቼ እንደሆነ ግን አልተነገረኝም። እስክትደውል ድረስ ባለቤቴን እንደ ተማሪ አስጠናሁት። «እንዴት ነዎት ስትልህ?» እለዋለሁ። «ታምሜያለሁ» ይላል፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። የሰረቀ ነው የሚመስለው። እሁድ ከሰዓት ደወለች። አጠገቡ ተቀምጬ ክንዱን ያዝሁት።

«እንዴት ነዎት?» አለች።

አየኝ። «ታ…» አለና ቆመ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

ቆነጠጥሁት። ከዚያ በኋላ የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ በዚያው መንፈስ መለሰ፤ መጀመሪያው ከተመለሰ ቀሪውን መገልበጥ ውሸት ሆነበት። ፋይሉ እንደተዘጋ ቀረ። በዚያ ቀን የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም። እሱ ግን እስክጨርስ ከሰማኝ በኋላ «ለማያውቁት ሰው አሞኛል ማለት ልመና ይመስላል» አለኝ።

ለልጅቱ «ከሰው አገናኚኝ» ብዬ ጻፍሁ። በየቀኑ ጻፍሁ። በድምፅም ሰደብኋት። «ቅሬታዎን ተረድቻለሁ» ትለኛለች፣ በዚያው በማይወድቅ አማርኛዋ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ደሜን ያፈላዋል። ሐኪሙ ካለው ስድስት ሳምንት አራቱ አለቁ።

በአምስተኛው ሳምንት ሰው ደወለ። ሴት ናት፤ በኢንሹራንሱ ቢሮ የተዘጉ ፋይሎችን የምትመረምር። ወላጆቿ ከአርማጭሆ የመጡ ናቸው፣ እሷ ካሰላ ተወልዳ ያደገች። አማርኛዋ መሐል ላይ ዐረብኛ ይገባባታል፣ ደስ ሲል። «እታለም፣ የጋሼን ድምፅ ሁለቴ ሰማሁት» አለችኝ። «ወላሂ አባቴን ነው የሰማሁት የመሰለኝ። በይ ስልኩን ለሱ ስጪው፤ ድምፁን ክፈቺና አንቺም ስሚ።»

ሰላም አለችው፤ አገሩን፣ ዘመዱን፣ ዝናቡን ጠየቀችው። እንዴት ነዎት አላለችውም። ከዚያ በኋላ፦

«ጋሼ፣ ከአልጋዎ እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው?» አለችው።

ክፍሉን በዐይኑ ለካው። «አራት ትሆናለች።»

«ዛሬ ሄዱባት?»

«ዛሬስ አልሄድሁም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም አልሄድሁም።»

«ታዲያ ረኩባው ሥር ማን ያወጣዎታል?»

«በቂጤ እየተንፏቀቅሁ እወጣለሁ። ባለቤቴ መኽዘን ስትሄድ። እንዳታየኝ ብዬ ነው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ እንቅልፍ የተኙበት ቀን መቼ ነው?»

«እንቅልፍ…» አለ። «ሲነጋጋ ትንሽ ያሸልበኛል። ቀሪውን ትራሱን ነክሼ ነው የማሳልፈው።»

አጠገቡ ነበርሁ፣ አንድ አልጋ ላይ የምንተኛ ሰዎች። ትራሱን ሳጥበው የጥርሱን ምልክት አይቼ አይጥ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በየቀኑ ከመኽዘን ስመለስ «እንዴት ዋልህ?» እለዋለሁ፣ «ደህና፣ ተመስገን» ይለኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሳህኑን እከፍታለሁ። ማሽኗን ስሰድብ ከረምሁ እንጂ እኔ ከሷ በምን እሻላለሁ? እሷስ ዐይን የላትም።

ሴትዮዋ ስትጨርስ «ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለች። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ ተከፈተ፤ የጎንደር ሕክምናው ተፈቀደ። ለታካሚውና ለአንድ አስታማሚ ብቻ ነበር የተፈቀደው። ማን ይሂድ በሚለው ላይ ተመካከርን። እሱን ተሸክሞ ከመኪና መኪና የሚያዛውር ጉልበት ያስፈልጋል፤ አብሮት የሚሠራ የአገሩ ልጅ ሄደ። እኔ ክፍሏን እንዳንለቅ፣ የመኽዘኑም ሥራ እንዳይቀር ቀረሁ። ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ ለጥምቀት አብረን ነን ተባባልን። መኪናው ላይ ሲያወጡት ጥርሱን ነክሶ ነበር። «እንዴት ነህ?» ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እጄን ሰጠሁት፣ የፈለገውን ያህል ጨበጠው። እጄ ለሦስት ቀን አመመኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የታመምሁት።

ብረቱ ገባለት። ዘግይቶ ስለነበር ሐኪሞቹ እንደገና ሰብረው ነው ያስተካከሉት። ከዚያ እህቱ ቤት ወጣ፣ ከጎንደር እምብዛም ከማይርቅ መንደር። ሰሊጡ አለቀ። መንገዱ ግን በተኩስ ተዘጋ። አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል፤ በተከፈተ ጊዜ የሄደ ሁሉ ደግሞ አይደርስም። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ይህን የምጽፈው ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ። እንዴት ነህ ማለት ትቻለሁ። «ዛሬ እስከ የት ሄድህ?» ነው የምለው። መጀመሪያ እስከ በሩ ሄደ። ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ። ከዚያ እስከ ጉድጓዱ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ። እርምጃውን ቆጥሮ ይዞ ይጠብቀኛል፣ ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ እንደሚጠብቅ። አንድ ቀን የጎረቤት ትራክተር ላይ አውጥተውት ፍሪሲዮኑን ረገጠው። «ይረገጣል» አለኝ፤ «እግሬ መልሶ ለመነሣት ነው የሚዘገየው።» እውነቱን እንደነገረኝ ያወቅሁት የሚዘገየውን ስለነገረኝ ነው። ሌላ ቀን እስከ አስፋልቱ ሄደ፤ ወደ መተማ የሚወስደው አስፋልት። ቆሞ አየው፤ የሚመጣም የሚሄድም መኪና አልነበረም፤ ተመለሰ። ስንት እርምጃ እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ልጅቱ አሁንም በወር አንዴ ትደውልልኛለች፣ ታካሚውን ለመከታተል። አነጋገሯ ተለውጧል። «ዛሬ ያለ ረዳት ምን ያህል ተራመዱ? ጫማቸውን ማን አሰረላቸው?» ትላለች። ያቺ የካሰላዋ ሴት ናት ያስተማረቻት፤ የኛን ሰው እንዴት ነህ ብለሽ አትጠይቂ ብላታለች አሉ። እኔም አሁን አልሰድባትም። ጠይቃ ስትጨርስ፣ አጠገቤ ሰው ከሌለ፣ «ቤተሰብ ደህና?» እላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመኽዘን ስወጣ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ፉል ገዛሁ፣ ሽንኩርት ከተፍሁ፣ ዘይት አፈሰስሁበት። ረኩባው ሥር ተቀምጬ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደንሁትና ደወልሁለት። የዕለቱን እርምጃውን ነገረኝ። ከዚያ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት።

ያ ጯሂ አፌ ነው ይህን ያለው።

«ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» አለኝ።

ፀሐይዋ ከመጋዘኖቹ ጣሪያ ኋላ ገብታለች፤ የሳህኑ ክዳን ቀዝቅዟል።

«ገና ነው» አልሁት።